በማማሰያ የተቀረቀረ በር፦ የጅቡቲ ከተማ ኩሽናዎች የመከላከል ይዞታ

ጅቡቲ ከተማ ጠባቂ የጠፋባት ከተማ አይደለችም። ፈረንሳዮች በ1977 ባንዲራቸውን ሲያወርዱ ወታደሮቻቸውን ሁሉ ይዘው አልሄዱም። አሜሪካኖች ከ2002 ጀምሮ ካምፕ ሌሞኒዬ ሰፍረዋል፤ ጃፓን በ2011፣ ጣሊያን በ2013፣ ቻይና በ2017 ተከትለዋል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ጅቡቲ የምትቆጥረው በዚያ ስለሆነ፣ እኛም በሰው አገር ነንና፣ ተከትለናል።) ይህ ሁሉ ሠራዊት ዓይኑን የተከለው ባብ ኤል መንደብ በተባለው የባሕር በር ላይ ነው። በዚሁ ከተማ፣ በአንድ ተራ የኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ኩሽና ውስጥ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ላለው ባለ ሁለት ተካፋች በር ግን እስካሁን አንድም ኃይል አልተመደበለትም። በዚያ በር በኩል ጥቃት የሚሰነዝረው ወገን ቁመቱ ሰማንያ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ዕድሜው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን ዳይፐር ታጥቋል።

ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ተነሥቷል።

ወሰኑን በቅድሚያ እናስቀምጥ። ጥናቱ የሚመለከተው ከአንድ እስከ ሰባት በቁጥር በሚጠሩት ካርቲዬዎች (ሰፈሮች) ተከራይተው የሚኖሩትን፣ ወይም ትንሽ ቀንቷቸው ሄሮን አካባቢ ባለ ሙሉ ካቢኔት ኩሽና የደረሳቸውን ኢትዮጵያውያን ነው። ባልባላ የተባለውን ሰፈር ለብቻው እናየዋለን፤ እዚያ ችግሩ ሌላ ነው። የጥናቱ ዘዴ ምልከታ ሲሆን፣ አጥኚው ምልከታውን ያካሄደው በአመዛኙ ቡና እየጠጣ ነው። ዋናው ተጠኚ ከዚህ በኋላ ማሙሽ እየተባለ ይጠራል። እውነተኛ ስሙ በጥናት ሥነ ምግባር መሠረት አይገለጽም፤ ለነገሩ በእውነተኛ ስሙ ሲጠራም አይመጣም።

በመስኩ ላይ ቀደም ሲል የተሠሩ ሥራዎችን ስንቃኝ፣ መሠረቱ የተጣለው ስዊዘርላንድ ውስጥ ሆኖ እናገኘዋለን። ዣን ፒያዤ ስለ ሕፃናት አእምሮ አጀማመር በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ያጠናው የገዛ ሦስት ልጆቹን ነው፤ የምርምር በጀት ሲጠፋ ወደ ቤት ማየት የእኛ አገር ፈጠራ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ከልጆቹ አንዷ ሉሲየን የዓመት ከአራት ወር ሕፃን ሳለች፣ አባቷ የሰዓት ሰንሰለት ክብሪት ቤት ውስጥ ከተተና ክፍተቱን ወደ 3 ሚሊሜትር አጠበበባት። ክብሪት ቤት፣ አንባቢ እንደሚረዳው፣ መሳቢያ ነው። ልጅቷ እንዴት እንደሚከፈት አላየችም። ጣቷን ለመስደድ ሞከረች፣ እምቢ አለ። ከዚያ ቆም አለችና ቀዳዳውን አተኩራ እያየች አፏን ከፈት አደረገች፤ ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተች፣ ሰፋ አድርጋ፤ ከዚያም ከበፊቱ ይበልጥ ሰፋ አድርጋ። ወዲያው ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ሰክታ መሳቢያውን ሳበችው። ሰንሰለቱ ወጣ።

ፒያዤ ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ፣ ሕፃን በዚህ ዕድሜው በእጁ ከመሞከሩ በፊት በሐሳቡ መሥራት ይጀምራል የሚል ነው። ለሊቃውንቱ ደስ የሚል ግኝት ነው። ለኩሽና ያለው አንድምታ ግን አስደንጋጭ ነው። ማሙሽ መሳቢያ ፊት ቆሞ አፉን ሲከፍት እናቱ የምትረዳው ርቦታል ብላ ነው፤ ስለዚህ ገንፎ ልታመጣለት ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ልጁ የሚያስበው ግን የቢላዋውን መሳቢያ ነው።

መሳቢያን በሚመለከት ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ሕፃኑ መሳቢያን መሳቢያ ነው ብሎ አለመቀበሉ ነው። የታችኛውን ይስብና ይቆምበታል፤ የመሐሉን ይስብና ይጨብጠዋል። ደረጃ አገኘ ማለት ነው። ኢኬያ የተባለው የስዊድን የቤት ዕቃ ድርጅት ግድግዳ ላይ ያልታሰሩ ባለ መሳቢያ ቁምሳጥኖቹ ሕፃናት ላይ እየወደቁ ከገደሉ በኋላ፣ በ2016 አሜሪካ ውስጥ ብቻ 29 ሚሊዮን ያህሉን መልሱልኝ ወይም ግድግዳ ላይ እሰሩልኝ ብሎ ለማወጅ ተገዷል። እኛ ዘንድ ቁምሳጥን ግድግዳ ላይ አይታሰርም፤ አከራዩ ግድግዳ መብሳት አይወድም። በብዙ ቤት ኪራይ ውል ያልተጻፈ ሆኖ በጥብቅ የሚከበረው አንቀጽ ይህ ብቻ ይመስላል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንለፍ።

በጅቡቲ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በስፋት የሚሠራበት መቀርቀሪያ ማማሰያ ነው። ማማሰያው በሁለቱ እጀታዎች መሐል ይሻገራል፤ ጫፉ ወፈር ያለ ስለሆነ ወደ አንድ በኩል ሾልኮ አይወጣም፤ ወደ ሌላው በኩል ግን ይወጣል። ማሙሽ ይህን የደረሰበት በሩን እየነቀነቀ ነው። በነቀነቀው ቁጥር ማማሰያው በትንሽ በትንሹ ይንሸራተታል፤ በመጨረሻ ሰድላው ላይ ቀጭ ብሎ ይወድቃል፤ እናት ከሳሎን «ምንድነው እሱ?» ትላለች፤ መልስ የለም። መልስ አለመኖሩ ራሱ ማስረጃ ነው።

ይሁን እንጂ የማማሰያ ትልቁ ድክመት መንሸራተቱ አይደለም። መቀርቀሪያው ሌላ ሥራ ያለው መሆኑ ነው። ቁሌቱ ሊያርር ሲል፣ ሽሮው ሊገነፍል ሲል፣ ማማሰያው ከጥበቃ ሥራው ተነሥቶ ወደ ድስቱ ይዛወራል። ስለዚህ እሳት በሚነድበት፣ ቢላዋ ከመሳቢያው በሚወጣበት፣ ሰው ሁሉ በሚጣደፍበት ሰዓት በሩ ክፍት ነው። ወጡ ወጥቶ፣ ድስቱ ታጥቦ፣ ቤተሰቡ ሲተኛ ማማሰያው ወደ ቦታው ይመለሳል። በሌላ አነጋገር በሩ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚጠበቀው ኩሽና ውስጥ ማንም በማይኖርበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ላስቲክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከማሙሽ ያጠረው ሱሪ ወገብ የሚወጣ። ሁለቱ እጀታዎች ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራ ይጠመጠማል። ማሙሽ ላስቲኩን እንደ ክራር ይመታዋል፤ ለጥቂት ቀናት በሙዚቃው ረክቶ በሩን ይረሳዋል። ይህን ጊዜ ወላጆች የድል ዜና ያውጃሉ። ከዚያ ላስቲኩ ይላላል።

ሦስተኛው፣ ዘመናዊው፣ ማግኔት ያለው ነው። ዱባይ ወይም ፈረንሳይ የሄደ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ይመጣል። ከበሩ በስተጀርባ በማጣበቂያ ይለጠፋል፤ ከውጭ ምንም አይታይም፤ ለመክፈት ለብቻው ያለውን ማግኔት ትክክለኛው ቦታ ላይ ማስጠጋት ነው። አሠራሩ እንከን የለውም። እንከኑ ያለው አየሩ ላይ ነው። ማሸጊያው ላይ የታተመው መመሪያ ማጣበቂያው ንጹሕና ደረቅ ገጽ ላይ እንዲለጠፍ ይመክራል። ግንቦት ላይ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ንጹሕና ደረቅ ገጽ የሚገኘው ማሸጊያው ላይ ነው። ሙቀቱ፣ የባሕሩ እርጥበትና የዘይቱ ላቦት ተባብረው ማጣበቂያውን ያላሉታል። መቆለፊያው መጀመሪያ በአንድ ወገን ይሰቀላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ በችፑዱ ላይ ቁልቁል ይጓዛል፤ በስተመጨረሻ ስኳር ዕቃው ውስጥ ይገኛል። ትልቁ በጋ ገብቶ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሣ ደግሞ እርጥበቱ ይቀራል፣ በምትኩ አቧራ ይመጣል፤ አቧራ ላይ የሚጣበቅ ነገር እስካሁን አልተፈጠረም። ቬንትሌተሩ እንዲያግዝ ቢታሰብ መብራቱ ይሄዳል። የጅቡቲ መብራት ከ2011 ጀምሮ በከፊል ከኢትዮጵያ እንደሚመጣ ይታወቃል፤ ሲጠፋ ወዴት እንደሚሄድ ግን በዚህ ጥናት አልተካተተም።

በእርጥበቱ ወራት አንድ ተፈጥሯዊ መቆለፊያ አለ፤ እርሱም ችፑዱ ራሱ ነው። ውሃ ጠጥቶ ያብጥና በሩ ከነፍሬሙ ይያያዛል። ማሙሽ ሊከፍተው አይችልም፤ እናቱም አትችልም። እናቱ በመጨረሻ በጉልበቷ ገጭ ስታደርገው ይከፈታል። ማሙሽ ይህን አይቷል። አሁን ያላበጠውንም በር መጀመሪያ ይገጨዋል።

የቃል መቆለፊያን ሳንጠቅስ ብናልፍ ጥናቱ ጎደሎ ይሆናል። በዚህች ከተማ አንድ ሕፃን በአማርኛ «ተው!»፣ በፈረንሳይኛ «ኖን!»፣ በሶማሊኛ «ማያ!»፣ በዐረብኛ «ላ!» ይባላል፤ አንዳንድ ቀን አራቱንም በአንድ ጠዋት። በአንድ ቋንቋ ብቻ እንቢ ከሚባል ልጅ ጋር ሲነጻጸር በታዛዥነት ረገድ የታየ ልዩነት የለም። ልዩነቱ ማሙሽ በአራት ቋንቋ አለመስማት መቻሉ ነው።

እዚህ ላይ «ለምን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ቤቱ ውስጥ አሻንጉሊት አለ፤ ቴሌቪዥን አለ፤ ፈቃድ የተሰጠበት የፕላስቲክ ድስት አለ። ነባሩ አስተያየት «ክፉ ስለሆነ ነው» የሚል ሲሆን አጥኚው አይቀበለውም። ውጭ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት፣ ቤቱ ውስጥ እጅን በየቦታው እያሳረፉ መሞከር ይበቃል። ሰድላው ቀዝቀዝ ይላል። ከማጠቢያው ሥር፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ፀሐይ ገብቶ የማያውቀው ጨለማ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። አዋቂው ማታ ፍራሹን ይዞ ሰገነት ይወጣል፤ ማሙሽ ቀን ካቢኔት ይገባል። ሁለቱም የሚሹት አንድ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ሰገነቱ ላይ በረኪና አለመኖሩ ነው።

በረኪናው ላይ እንመለስበታለን። ከዚያ በፊት የሕግ ማዕቀፉን እንይ።

ልጅ የማይከፍተው ክዳን ታሪኩ አጭር ነው። አንሪ ብሮ የተባለ የካናዳ የሕፃናት ሐኪም፣ ዊንዘር በተባለችው ከተማ፣ መድኃኒት የዋጡ ሕፃናትን ጨጓራ ማጠብ ሰልችቶት በ1967 በመዳፍ ጫን ብለው ካላዞሩት የማይከፈተውን ክዳን ለዓለም አቀረበ። አሜሪካኖች በ1970 ጉዳዩን ሕግ አደረጉት። ቀጥሎ የመጣው የፈተና ደንብ፣ በአጥኚው እምነት፣ የዘመናችን ታላቅ የመንግሥት ሰነድ ነው። ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 51 ወር የሆኑ ሕፃናት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። ዕቃው ይሰጣቸውና ክፈቱ ይባላሉ። 5 ደቂቃ ይጠበቃል። ካልከፈቱት ፈታኙ አንድ ጊዜ ያለ ምንም ንግግር ከፍቶ ያሳያቸዋል። ከዚያ፣ እስካሁን ጥርሳቸውን ካልተጠቀሙ፣ ከፈለጋችሁ በጥርሳችሁም ይቻላል ተብሎ ይነገራቸዋል። ይህ ደንቡ ውስጥ ተጽፏል። ሌላ 5 ደቂቃ ይጨመርላቸዋል። ማሳያው ከመደረጉ በፊት ከመቶ 85ቱ፣ በጠቅላላው ደግሞ ከመቶ 80ዎቹ መክፈት ካቃታቸው፣ ዕቃው ፈተናውን አልፏል ይባላል።

ሒሳቡን ገልብጠን እንየው። ከመቶ ሕፃናት ሃያዎቹ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ቢከፍቱትም ዕቃው ሕጋዊ ነው። ሕግ አውጪው ይህን ሲጽፍ ልጅ አይከፍተውም የሚል ተስፋ አልሰነቀም፤ እናት ከሳሎን እስክትደርስ ጊዜ ይግዛልን ነው ያለው። ከዓለም ሕጎች ሁሉ ስለ ሰው ልጅ ያለው ግምት ትክክል ሆኖ ያገኘነው ይህንን ነው።

ደንቡ ሁለተኛ ክፍል አለው። ልጅ የማይከፍተውን ዕቃ አዋቂ መክፈት አለበት። መጀመሪያ ላይ አዋቂ ሲባል የጎልማሳ ዕድሜ ነበር የተወሰደው፤ በ1995 ግን ከ50 እስከ 70 ዓመት ያሉት እንዲፈተኑና ከመቶ 90ዎቹ እንዲከፍቱት ተወሰነ። ይህ ማሻሻያ ቀልድ የሚመስለው የማሙሽን አያት ለማያውቅ ሰው ነው።

አያት ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው ናጋድ ጣቢያ ወርደዋል። የመጡት ልጅ ለማየትና የኩሽናውን አያያዝ ለመገምገም ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሻይ ሊያፈሉ ገብተው የሆነውን ከምልከታ ማስታወሻችን ቃል በቃል እናሰፍራለን።

«ስኳሩን ምን አድርጎ ነው ያሰራችሁት?»

«እማዬ፣ ማግኔቱ ፍሪጁ ላይ አለልሽ። እሱን በሩ ላይ አስጠግተሽ ሳቢው።»

«ሻይ ላጣፍጥ ማግኔት?»

«ትንሽ ወደ ላይ። አይ፣ ወደ ግራ።»

«ወዲህ ነው? ኸረ እኔ ሰባታችሁን ያሳደግኩት ጓዳዬ በር ሳይኖረው ነው።»

«ታዲያ በምን ነበር የምትከለክይን?»

«አያ ጅቦ ነበራ።»

በዚህ መሐል ማሙሽ መጥቶ በሩን በጉልበቱ ገጭ አደረገው። ተከፈተ። አያት «ተባረክ የኔ ጌታ» ብለው ስኳራቸውን ወሰዱ። በአሜሪካው መስፈርት መቆለፊያው ሁለቱንም ፈተና ወድቋል፤ ሕፃኑ ከፈተው፣ አዋቂዋ አልከፈቱትም።

ስለ አያ ጅቦ እግረ መንገዳችንን እንናገር። በመከላከያ መሣሪያነቱ ባትሪ አይጠይቅም፤ ማጣበቂያ አይፈልግም፤ መብራት ሲጠፋ ኃይሉ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ዘላቂነት ያለው አገር በቀል ዕውቀት ነው። ችግሩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አያ ጅቦ ደረጃውን ወጥቶ፣ የዘበኛውን ፍራሽ ተሻግሮ፣ የብረቱን በር እንዴት እንደሚያልፍ ማሙሽ ገና ባይጠይቅም በፊቱ ላይ ጥርጣሬ ይነበባል።

አያት ያነሡት የጓዳ ጉዳይ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በድሮው ቤት ነገር የሚጠበቀው በከፍታ ነበር። ቆጥ ላይ ይወጣል፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ጎታ ውስጥ ይገባል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት የምትመሰክረው፣ ቆጡ ለትልቅ ሰውም የማይመች ከፍታ ላይ እንደነበረ ነው። በቤተ መንግሥት ደግሞ ንብረት ጠባቂው በጅሮንድ ተብሎ በማዕረግ ይሾም ነበር። ሹመቱ በኋላ ወደ ተራው ቤት ወርዶ ወደ እናቶች ተላልፏል፤ ግምጃ ቤቱም ቡፌ ሆኗል።

ዋናው ግኝታችን እዚህ ላይ ነው። በተመለከትናቸው ቤቶች ሁሉ፣ ልጅ ከመወለዱ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ፣ በትክክል የሚሠራ፣ የብረት ቁልፍ ያለው፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ አንድ ቁምሳጥን አለ። ሳሎን ውስጥ የቆመው ባለ መስታወት ቡፌ ነው። ውስጡ ያለው ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ሲኒዎች፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎች፣ የሠርግ ፎቶና ከነካርቶኑ የተቀመጠ የሻይ ስብስብ ነው። የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድ በ1917 ካለቀ ወዲህ እንዲህ ያለው የባሕር ማዶ ዕቃ በዚሁ ከተማ አልፎ ሽቅብ ሲወጣ ኖሯል፤ ምናልባት ለብርጭቆ ያለን ክብር ወደቡ ላይ የሚጋባብን ይሆናል። የቡፌው ቁልፍ ከሌሎች ቁልፎች ጋር ተሰክቶ እናት ዘንድ ይቀመጣል።

እንግዲህ እዚያው ቤት፣ ከዚያው ቡፌ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ መሬት ላይ፣ በማማሰያ በተቀረቀረው በር ጀርባ ያለውን እንቁጠር። በረኪና አለ፤ ከትልቁ ጀሪካን ተቀንሶ በሃይላንድ ፕላስቲክ። ነጭ ጋዝ አለ፤ ለምድጃው፤ እርሱም በሃይላንድ። ፕላስቲኩ አንድ ዓይነት ነው፤ ክዳኑ ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ ይመስላል። ማሙሽ ደግሞ በዚህ ከተማ ሙቀት፣ ሃይላንድ ባየ ቁጥር «ውሃ» እንዲል ቤተሰቡ በሙሉ ተጨብጭቦለት የተማረ ልጅ ነው። ከጎኑ የበረሮ መርዝ፣ የምጣድ መፈግፈጊያ ሽቦና የአያት የደም ግፊት ክኒን በፌስታል ተቋጥሮ አለ።

ቤቱ ሲኒውን ከልጁ ጠብቆታል። ልጁን ከበረኪናው መጠበቅ ግን በሥራ ዕቅዱ አልተያዘም።

የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2008 ባወጡት የሕፃናት አደጋ ሪፖርት፣ በመመረዝ በዓመት የሚሞቱት ሕፃናትና ወጣቶች ከ45,000 በላይ እንደሆኑ ገልጸው፣ በድሃ አገሮች ደጋግመው ከሚገኙት ምክንያቶች አንዱ ነጭ ጋዝ መሆኑን ጽፈዋል። መንገዱም ያው ነው፦ የመጠጥ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ የማይጠጣ ነገር። እዚህ ላይ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው የመጀመሪያ ርዳታ አለ፤ ወተት አጠጡት፣ ጣት ሰዳችሁ አስመልሱት የሚል። ማስመለሱ ከመጠጣቱ ይብሳል። ጋዝ ሲመለስ መንገዱን ስቶ ሳንባ ይገባል፤ በረኪናም ሲወርድ ያቃጠለውን ሲወጣ ይደግመዋል። ልጁን ሳያስመልሱ፣ ፕላስቲኩንም ይዞ፣ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ፕላስቲኩ የሚያዘው ሐኪሙ ምን እንደሆነ አሽትቶም አይቶም እንዲያውቅ ነው፤ ሃይላንዱ ላይ የተጻፈው ውሃ መሆኑን ብቻ ይናገራልና። ይህን አንቀጽ የጻፍነው ያለ ቀልድ ነው፤ አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ።

ባልባላ። በቆርቆሮ ቤት፣ ማብሰያው ግቢ ውስጥ መሬት ላይ በሆነበት፣ ስለ ካቢኔት መቆለፊያ ማውራት ሰው መሳቂያ መሆን ነው። ነገር ግን ምስማር አለ። ግድግዳው ላይ፣ ከትልቅ ሰው ትከሻ ከፍ ብሎ፣ ረድፍ ምስማር ይመታል፤ በእያንዳንዱ ላይ ፌስታል ይሰቀላል፤ በርበሬው፣ ቢላዋው፣ መድኃኒቱ፣ ክብሪቱ። ማሙሽ ከታች ሆኖ ያያል፤ ዐንገቱ እስኪያመው ያያል። የአያት ቆጥ በአንድ ምስማር ዋጋ ተመልሷል ማለት ነው። በደኅንነት ረገድ ከሄሮኑ ኩሽና የተሻለ ሆኖ ስላገኘነው፣ የሄሮን ነዋሪዎች እንዳይከፋቸው ውጤቱን እዚህ መሐል ላይ አስገብተነዋል።

የተበላሸ ፍሪጅን በቁምሳጥንነት መጠቀምም በብዙ ግቢ የሚታይ ነው። አይጥ አይገባውም፣ አቧራ አይገባውም፣ ሽሮና ዱቄት ይቀመጥበታል። አሜሪካኖች በ1956 ከውስጥ የማይከፈት ፍሪጅ እንዳይሸጥ በሕግ የከለከሉት፣ ድብብቆሽ የሚጫወቱ ልጆች ተጥሎ የተገኘ ፍሪጅ ውስጥ ገብተው እየታፈኑ ስለሞቱ ነው። ዛሬ ፍሪጅ በማግኔት ጎማ የሚዘጋው ከዚያ ወዲህ ነው። ግቢ ውስጥ ያለው ፍሪጅ እጀታው ቀጭ ብሎ የሚነክስ ዓይነት ከሆነ፣ ወይም በሩ እንዳይከፈት በሽቦ የሚታሰር ከሆነ፣ በሩን ነቅሎ መጋረጃ ማንጠልጠል ይበቃል። ሽሮ በመጋረጃ አይከፋውም።

ጥናቱ እዚህ ሲደርስ የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ ተጠርቷል። የተገኙት እናት፣ አባት፣ አያትና ልጁን የምትይዘው ልጅ ሲሆኑ፣ ማሙሽ በታዛቢነት ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። ከጥናቱ በተነሡ ነጥቦች ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል። አባት ጓጉንቸር እንዲገዛ ሐሳብ አቅርበው ተቀባይነት አግኝተዋል፤ ለመግዛትም ራሳቸው ኃላፊነት ወስደዋል። ይሁን እንጂ ጠዋት ሥራ ላይ ናቸው፤ ጫቱ ከኢትዮጵያ ከሚገባበት ከቀትር በኋላ ደግሞ እሳቸውን ለሌላ ጉዳይ ማግኘት አልተቻለም። ግዢው በሂደት ላይ ነው። ልጅ የምትይዘው ልጅ «በረኪናውን ከላይ ብናስቀምጠውስ?» ብላ ነበር፤ ንግግሯ በቃለ ጉባኤው አልገባም።

የሰሟት አያት ናቸው። ከሰዓት፣ ሁሉም ሰው በተኛበት፣ ቡፌውን ከፈቱ። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ በነጠላ እየጠቀለሉ አወጡና ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ደረደሯቸው። ከዚያ የበረኪናውን ጀሪካን ወደ ቡፌው አመጡ። በሃይላንድ የነበረውን መልሰው ጀሪካኑ ውስጥ ጨመሩ፤ ባዶውን ፕላስቲክ ቀደው ጣሉት። የጋዙን ዕቃ፣ የበረሮውን መርዝ፣ የራሳቸውን ክኒን፣ ሁለቱን ትልልቅ ቢላዋዎች አስከተሉ። ቆለፉ።

ቤቱ አሁን እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው ነገር ተለውጧል። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከሠርጉ ፎቶ በስተቀኝ፣ ቢጫው ጀሪካን ቆሟል። አንዲት ጎረቤት ቡና ልትጠጣ መጥታ ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆይታ፣ ውድ ነገር መሆን አለበት ብላ ዋጋውን ሳትጠይቅ ቀርታለች። ቡናው የተቀዳው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር በወጣ ሲኒ ነው። እስካሁን የተሰበሩት ሲኒዎች ቁጥር በእናት ጥያቄ መሠረት ከሪፖርቱ ወጥቷል።

ከአያት እርምጃ በኋላ ማሙሽ ሲኒ ብቻ የተደረደረበትን ካቢኔት አገላብጦ አይቶ፣ የሚያውቀውን ዕቃ ሁሉ ሲያጣ፣ መሬት ላይ ተንከባሎ አለቀሰ። ሙዝ ቀረበለት፤ ወረወረው። ማማሰያው ተሰጠው፤ አልተቀበለም። እንግዳዋ ፊት እያለቀሰ ስላስቸገረ እናት በመጨረሻ ከወገቧ የቁልፎቹን ዘለላ ፈትታ ሰጠችው፤ ወዲያው ዝም አለ። የቡፌው ቁልፍ ከሁሉም ትንሹና ቢጫው ነው። በአሁኑ ሰዓት እየነከሰው ይገኛል፤ ጥርስ መጠቀም በደንቡም የተፈቀደ ነው።